ሁለቱ የሥዕል ሰሌዳዎችና የአናጢው ፊት

ተረት መጥቷል፤ ደጅ ቆሟል!

«ይግባ፣ ቦታ አለው!» በሉት እንጂ። ዝም ብላችሁ ካያችሁት አፍሮ ይመለሳል። የእኔ ተረት ይሉኝታ ያጠቃዋል።

ከገባ እንግዲህ ልንገራችሁ። ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ወንበር ሲቀመጡበት «ቀስ ነው እንጂ!» እያለ በሚቆጣበት፣ በር ሲያንኳኩት «ማነው?» ብሎ ራሱ በሚጠይቅበት ዘመን፣ ማስተዋል የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ማስተዋል ኮምፒውተር ነበራት።

አትሳቁ! «ድሮንና ኮምፒውተርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ ይምጣና ተረቱን እሱ ይንገረው። እኔ ድሮ የምለው ከትናንት ወዲያ ያለውን ሁሉ ነው።

ማስተዋል በሸራ ላይ ቀለም እየቀባች አትሥልም ነበር። የምትሥለው በሥዕል ሰሌዳ ነው። የዘመኑ ሰው ታብሌት ይለዋል፤ እኔ ግን አፌ ስለለመደው ሰሌዳ እለዋለሁ። ሰሌዳዋ ጥቁርና ጠፍጣፋ ነበር፤ ምንም ነገር አይታይበትም። ጭኗ ላይ ታስቀምጠውና በብዕሩ ትጭርበታለች፤ ሥዕሉ የሚወጣው ግን ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። እጅ ታች፣ ዓይን ላይ። እጅ ታች፣ ዓይን ላይ። እንዲህ ነበር የሚሠሩት።

መጀመሪያ ስትለምደው መከራዋን አሳይቷታል። አፍንጫ ልትሥል ስትል ጆሮ ላይ ታርፋለች። «እጄንና ዓይኔን አጣላሃቸው!» ብላ አልቅሳበት ታውቃለች። ሰሌዳውም «ቆይ፣ ይታረቃሉ» ይላታል። ታረቁም። ከዚያ በኋላ የሠርግ ጥሪ ሣለችበት፣ የሱቅ ምልክት ሣለችበት፣ ለልጆች መጽሐፍ ዝሆንና ጥንቸል ሣለችበት። ብዕሩ ከመመላለሱ ብዛት የሰሌዳው መካከል ለስልሶ ያበራ ጀመር። ገመዱም አንገቱ ላይ ተልጦ ነበርና በፕላስተር ጠቀለለችለት። ጉንፋን እንደያዘው ሰው አንገቱን ታስሮ ይሠራ ነበር።

አንድ ቀን ወንድሟ አዲስ ሰሌዳ ገዝቶ መጣ። ይህኛው ባለ መስታወት ነው። ያበራል። ብዕሩ በነካው ቦታ ላይ ሥዕሉ እዚያው ይወጣል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ቀና ማለት ድሮ ቀረ። ቀለሙ ብዙ፣ ብሩሹ ብዙ፣ ዘዴው ብዙ፤ ማስተዋል ዓይነ አዋጅ ሆነባት።

«ያንን አሮጌ ለቆራሌው ስጪና ተገላገዪ» አላት ወንድሟ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ ነው፤ የማታውቁት የላችሁም።

«ሁለቱንስ ባስቀምጥ?» አለች ማስተዋል።

ይሄኔ ኮምፒውተሩ አሳለው። ሽማግሌ ነበር፤ ሲያስብ ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይንፏፏል። «ልጄ፣ እኔ አንድ ጤነኛ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረኝ» አላት። «ሁለት እንግዳ አልችልም። ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባላል። ከሰሌዳም መርጠሽ አንዱን ስኪልኝ።»

ማስተዋል አዲሱን ሰካች። ማን ይፈርድባታል? እኔም ብሆን አዲሱን ነበር የምሰካው። ጥቁሩን ሰሌዳ በፌስታል አድርጋ፣ ቆራሌው ሲያልፍ ልትሰጠው ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው።

አዲስ ነገር መቼም ትንሽ ጉራ አያጣውም። ባለ መስታወቱ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ወደ ፌስታሉ ተጣራ።

«አንተ ጥቁሩ!»

«አቤት።»

«ዓይን የለህም አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ የምትሥለውን በምን ታያለህ?»

«አላይም። እጇን እሰማለሁ።»

ባለ መስታወቱ ሳቀ። መስታወቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ሳቀ። ጥቁሩ ሰሌዳ ግን አልተቀየመም። ልጅ ሲስቅ ማን ይቀየማል?

በማግስቱ በሩ «ማነው?» አለ። እማማ የውብዳር ነበሩ፣ የማስተዋል ጎረቤት። ከመሐረባቸው ውስጥ አንድ ፎቶ ፈትተው አወጡ።

እማማ የውብዳር ባላቸው ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ባላቸው አቶ ዘለለው አናጢ ነበሩ፤ ከዚያ ሰፈር በርና መስኮት የእሳቸው እጅ ያልነካው የለም። ሙት ዓመታቸው በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው» አሉ እማማ የውብዳር። «ጋሽ ዘለለውን ሣዪልኝ።»

«ምን ችግር አለው እማማ!»

«ችግርማ አለው። ፊታቸው እየጠፋብኝ ነው።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሳላቸውን እሰማዋለሁ። እርምጃቸውን እሰማዋለሁ። ፊታቸውን ልፈልግ ስል ግን ይሸሸኛል። አርባ ዓመት ያየሁት ፊት! እንዲህ ያለ ጉድ ለማን ይነገራል? ለልጆቼ እንኳ አልነገርኩም።»

ማስተዋል እጃቸውን ያዘችላቸው።

«ፎቶስ የላቸውም?»

«አይወዱም ነበር። ካሜራ ካዩ ይሸሻሉ። ይቺው ናት ያለችው፣ የጎረቤት ሠርግ ላይ ሳያውቁ የተነሡት።»

በፎቶው ላይ አቶ ዘለለው ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረዋል። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሲያይ እሳቸው የሚያዩት የሚነቃነቀውን የጠረጴዛ እግር ነበር። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።

«ለነገ ይደርሳል» አለች ማስተዋል።

እማማ የውብዳር ከወጡ በኋላ ባለ መስታወቱ እንዲህ አላት፦ «ይሄማ ቀላል ነው! ፎቶውን ከሥሬ አስገቢው። መስመሩን ብቻ ተከተዪ። የቀረውን ለእኔ ተዪው።»

ማስተዋል አጎነበሰች። ተከተለች። እጅም ታች፣ ዓይንም ታች። የጆሮውን ጥምዝ ተከተለች፣ የጉንጩን ሽብሽብ ተከተለች፣ የሪዙን ጸጉር አንድ በአንድ ተከተለች። ሲያልቅ ሥዕሉና ፎቶው አይለዩም ነበር።

በማግስቱ እማማ የውብዳር መጡ። ማስተዋል መስታወቱን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። አዩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ምን በደሉሽ ልጄ?» አሉ።

«እንዴት እማማ?»

«ጋሽ ዘለለው ምን በደሉና ነው በአንድ ዓይን የሣልሻቸው? በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ አይደለም እንዴ? ሰይጣን አይደለም እንዴ? ደግ ሰው ፊቱን መልሶ፣ ሁለት ዓይኑን አድርጎ ነው የሚሣለው። ሙት ዓመታቸው ላይ ይህንን ብሰቅለው ሰው ምን ይለኛል?»

ማስተዋል ፊቷ ቀላ። ይህንን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግድግዳው ላይ ቅዱሳኑን በሁለት ዓይናቸው፣ ከሃዲዎቹን በአንድ ዓይናቸው እያየች ነው ያደገችው። መስመር ስትከተል ተረሳት። መስታወቱ ሲያበራ ጊዜ የምታውቀው ሁሉ ከራሷ ወጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ። እስከ ነገ ይታገሡኝ።»

እሳቸው ሲወጡ ባለ መስታወቱ አልደነገጠም። «ሁለት ዓይን ነው የፈለጉት? ምን ገዶኝ! ግማሹን ፊት ከፊት ለፊት አድርገሽ ሣዪ። ሌላውን ግማሽ እኔ እደግመዋለሁ። ቀኝህን እንደ ግራህ የሚል ዘዴ አለኝ።»

ማስተዋል እንደገና አጎነበሰች። እጅም ታች፣ ዓይንም ታች። ግማሽ ግንባር ስትሥል ሰሌዳው ሌላውን ግማሽ ደገመው። አንድ ቅንድብ ስትሥል ሌላውን ደገመው። ግማሽ ከንፈር ስትሥል ሌላውን ደገመው። ሲያልቅ ሁሉ ነገሩ እኩል የሆነ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ወጣ።

በማግስቱ እማማ የውብዳር መጡ። አዩ። በዚህ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ቆንጆ ሰው ነው» አሉ። ማስተዋል እፎይ ልትል ስትል፣ «ማነው?» ብለው ጠየቋት።

ማስተዋል ከሥዕሉ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ዘለለው ናቸዋ እማማ።»

«አይደሉም፣ ልጄ። ዓይናቸው ሁለት ሆነልኝ፤ ሰውየው ግን ሌላ ሆነብኝ።»

«ምናቸው ነው ያልሆነው? ይንገሩኝና ላስተካክለው።»

«ምናቸው እንደሆነ ባውቅ ምን ቸገረኝ? እሱን እኮ ነው የረሳሁት።» ተነሡ። «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል። እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ የጠፋው ጠፍቷል።»

ማስተዋል ብቻቸውን እንዲሄዱ አልሆነላትም። ልትሸኛቸው ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ ፌስታሉን አየችውና እጇን አሳረፈችበት። «ስመለስ አወጣሃለሁ» አለችው ጥቁሩን ሰሌዳ። «እንዴት እንደምንሠራው አላውቅም። ብቻ ስመለስ አወጣሃለሁ።»

ባለ መስታወቱ ይህንን ሰማ። ጉራው ሁሉ ከላዩ ላይ ረገፈ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ጥቁሩ ከገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ከወጣ ፌስታል ይገባል፤ ፌስታል የገባውን ደግሞ ቆራሌው ይወስደዋል። እንዲህ ብሎ አሰበና ፈራ። የፈራ ደግሞ መካሪው ክፉ ነው።

«አይጢት!» ብሎ ተጣራ።

አይጢት ከቁም ሳጥኑ ሥር ብቅ አለች። «አቤት፣ ባለ መስታወቱ!»

«እዚያ ፌስታል ውስጥ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ታውቂዋለሽ?»

«ጋሼን? አውቃቸዋለሁ።»

«ገመዱን ቁረጪልኝ።»

«ምን አድርገውኝ?»

«ምንም። ግን አንገቱ ላይ ፕላስተር አለ። የፕላስተር ሙጫ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ወይ አለመታደል!» አለ ባለ መስታወቱ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሌላ ነገርም አላስፈለገም።

አይጢት ፌስታሉ ውስጥ ገባች። «ጋሼ፣ አንዴ አንገትዎን ቀና ያድርጉልኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ገመድዎን ልቆርጥ።»

«ማን ልኮሽ?»

«ባለ መስታወቱ።»

«ፈርቶ ነው» አለ ጥቁሩ ሰሌዳ። «ልጅ ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል። ብቻ አንቺ ጥርስሽን ጠብቂ፤ ውስጡ ሽቦ ነው።»

አይጢት ይህን ስትሰማ ልቧ ተነካ። ልቧ ይነካ እንጂ አፏ አልቆመም፤ አይጥ መሆን ክፉ ነው። ቆርጣ ስታበቃ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሙጫውም ቢሆን አልጣፈጣትም።

ማስተዋል ተመለሰች። ፌስታሉን ከፈተች። ጥቁሩን ሰሌዳ አወጣችና ገመዱን ብታየው ሁለት ሆኗል። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳውን ጭኗ ላይ እንደ ድሮው አድርጋ፣ የለሰለሰውን መካከሉን በመዳፏ እየዳሰሰች ታለቅስ ጀመር።

«ለአሮጌ ዕቃ ነው የምታለቅሰው?» አለ ባለ መስታወቱ በሹክሹክታ።

«ለዕቃው ብቻ አይመስለኝም» አለ ኮምፒውተሩ። «አሮጊቷ ባላቸውን ሁለተኛ ጊዜ ሊቀብሩ ነው። ለእሱ ነው የምታለቅሰው።»

«እኔ እኮ ከጥቁሩ የተሻለ አያለሁ! ከእኔ የሚሰወር መስመር የለም! ታዲያ ለምንድን ነው ያልሆነልኝ?»

መልሱን የሰጠው ጥቁሩ ሰሌዳ ነው። ቁጣ አልነበረበትም። «ልጄ፣ ማስተዋል በአንተ ላይ ስትሥል ዓይኗ የት ነበር?»

«እኔ ላይ።»

«እጇስ?»

«እኔ ላይ።»

«እማማ የውብዳር ሲቀመጡ የሚያዩት ምን ነበር?»

ባለ መስታወቱ አሰበ። «እሳቸው ሲቀመጡ እሷ አትሥልም ነበር። ቢቀመጡም ያጎነበሰ አናቷን ነበር የሚያዩት።»

«አየህ፣ አንተ ጥፋት የለብህም። አንተ ዓይን የምትስብ ሆነህ ነው የተፈጠርከው፤ ላንተ ያለ ሥራ ሞልቷል። እኔ ደግሞ የሚታይ ነገር የለኝም። እጇን ብቻ ወስጄ ዓይኗን እለቅላታለሁ። ወደፈለገችው ሰው ታይበታለች።»

ባለ መስታወቱ «ማስተዋል» ብሎ ተጣራ። «አይጢትን የላክኋት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። የእኔን ገመድ ንቀዪና ለጥቁሩ ስጪው፤ አፉ አንድ ነው፣ ይገጥመዋል።»

«አንተስ?» አለችው ማስተዋል ቀና ብላ።

«እኔማ እጠፋለኋ።» ከዚያ ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ» አለ። ጋሼ ብሎ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው። «ጨለማ ያስፈራል?»

«ኧረ ምንም አይል። እኔ ዕድሜዬን በጨለማ አይደል የኖርኩት? እጅ ሲያርፍብህ ይሞቅሃል።»

ማስተዋል ገመዱን ነቀለች። መስታወቱ ጠፋ። ገመዱን ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሰካችው፤ ሽማግሌው ኮምፒውተርም «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ተቀበለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስተዋል እማማ የውብዳርን ለምና አመጣቻቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ እማማ። ለእኔ ሲሉ።» አግዳሚው ላይ አብረው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥቁሩ ሰሌዳ ጭኗ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ከሁለቱም ፊት ለፊት።

«ልጄ፣ ነገርኩሽ እኮ። ፊታቸውን አላስታውስም።»

«ፊታቸውን ይተዉት። ጠዋት ሲነሡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ያደርጋሉ? ሥራ ነዋ!»

«ሥራው እንዴት ነው?»

«መጀመሪያ እንጨቱን ያነሡታል። ቀጥ ማለቱን ሊያዩ ወደ ዓይናቸው ያስጠጉታል፤ ከዚያ እንዲህ…»

እማማ የውብዳር እጃቸውን እንጨት እንደያዘ ሰው ዘረጉ። ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራ ቅንድባቸው ወደ ላይ ተሰቀለ።

ማስተዋል እጇን አላየችም። ያየችው እማማ የውብዳርን ነበር። እጅ ታች፣ ዓይን ላይ። እጇ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በራሱ ሄደ፤ ያ የተሰቀለው ቅንድብ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ።

እማማ የውብዳር ወደዚያ ሲዞሩ የዘረጉት እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ቅንድባቸው!» አሉ። «እሱ ነው! እንጨት ሲያዩ ሲያዩ ኖረው ግራው ቅንድባቸው በዚያው ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር! ሰው ሁሉ የተገረሙ ይመስለው ነበር። ወይኔ፣ እንዴት ረሳሁት!»

«ከዚያስ? እንጨቱን ካዩ በኋላ?»

«ከዚያማ ምስማር ነው። ምስማሩን በከንፈራቸው ጥግ፣ በዚህ በዚህ በኩል ይይዙታል። በአፋቸው ምስማር ይዘው ያወሩኝ ነበር፤ ‹ይውጡታል› እያልኩ ስቆጣ ይስቁብኛል።» እማማ የውብዳር የሌለውን ምስማር በከንፈራቸው ያዙና እንደ እሳቸው ሳቁ።

እጅ ታች፣ ዓይን ላይ። ከንፈሩ ወጣ፤ አንዱ ጥግ ትንሽ የገባ፣ ለመሳቅ የቀረበ ከንፈር። ቀኝና ግራው እኩል አልነበረም። እማማ የውብዳር ጉልበቷን በጉልበታቸው ገፋ አደረጉ። «ወደዚህ ትንሽ። አይ፣ መልሺው። እዚያ ጋ። ተዪው በቃ።»

ዓይኑ ብቻ ቀረ። ማስተዋል ስለ ዓይኑ ልትጠይቃቸው ፈራች።

«ማታ ሲገቡስ?» አለች በመጨረሻ።

«ማታ ሲገቡ ምንም አይሉም። በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ቀና ስል እያዩኝ አገኛቸዋለሁ። ‹ምነው?› እላቸዋለሁ። ‹ምንም› ይላሉ። ይኸው ነው።»

ማስተዋል በር ላይ ቆመው ያዩ የነበሩትን ሰውዬ አላየቻቸውም፤ እኚህን የታዩትን ሴትዮ ግን አየቻቸው። እንዲህ ያለ ፊት የሚወጣው በምን ዓይነት ዓይን ቢታዩ ነው ብላ አሰበች። እጇን ለጥቁሩ ሰሌዳ ተወችለት። ጥቁሩ ሰሌዳም እጇን ሰማ።

አንዱ ዓይን ወጣ። ሁለተኛው ዓይን ወጣ።

እማማ የውብዳር ሥዕሉን አዩ። «ወደዚህ» አላሉም፣ «ወደዚያ» አላሉም። ማስተዋል ዞር ብላ «ምን ልጨምር?» ልትላቸው ስትል ከአግዳሚው ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ባላቸው ሲገቡ ለአርባ ዓመት እንደተነሡት አነሣሥ ነው የተነሡት።

«እንደምን ዋሉ?» አሉ ለሥዕሉ። «ዛሬስ ቆዩብኝ።»

ሽማግሌው ኮምፒውተር ማራገቢያውን አቆመ። በሩ እንኳ «ማነው?» አላለም። አይጢትማ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ማስተዋል ለቆራሌው የሰጠችው ሰሌዳ የለም። ገመዷ አንድ፣ ቀዳዳዋም አንድ ነውና ተራ በተራ ትሰካቸዋለች። የነጠላ ጥለት፣ የጥልፍ አበባ፣ ቀጭን ነገር ስትሠራ ባለ መስታወቱን ታበራዋለች፤ ለዚህ ለዚህ ማንም አይስተካከለውም። አጠገቧ የሚያወራት ሰው ካለ ደግሞ ጥቁሩን ጭኗ ላይ ታኖረዋለች። ባለ መስታወቱ ተራው ሳይሆን ሲቀር ትንሽ ያኮርፋል። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሰማህ?» ማለቱን ግን አይተውም፣ አሁንም አንቱ ማለት አይሆንለትም።

እማማ የውብዳርስ? በሙት ዓመቱ ማግሥት ሥዕሉን የት እንደሰቀሉት ልንገራችሁ። ሰው እንዳሰበው ከአልጋቸው ራስጌ አይደለም። ከበሩ ትይዩ ነው። «ዱሮ ይገቡ የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን የምገባው እኔ ነኝ። ስገባ ይዩኝ» ብለው።

እንግዲህ ዕቃ ስትመርጡ «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ይህ ዕቃ ዓይኔን ወደ ማን ያዞረዋል?» በሉ።

ተረቴን ውሰዱ፤ ጉሮሮዬን በውኃ አርጥቡልኝ። ዕቃ እጅ ያሠለጥናል፤ ፊት የሚገኘው ግን ከሰው ፊት ነው።